ውሃ እየጠጣ የሚጠማው ኦርኪድ

ጥያቄው፦ «በስጦታ ያገኘሁት ኦርኪድ አለኝ፤ ፋላኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለት ወር ያህል አምሮ ቆየና አበባው ረገፈ። ከዚያ ወዲህ ቅጠሎቹ ለስልሰው ተጨማደዱ፤ ከታች ያሉት ሁለቱ ቢጫ ሆነዋል። የምኖርበት አካባቢ ሞቃት ነው። ቀን 34፣ ሌሊት 26 ዲግሪ ይደርሳል። ሙቀቱ አደረቀው ብዬ በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጣለሁ፤ ማዳበሪያም ጨምሬለታለሁ። ምንም ለውጥ የለም። ከመትከያው ውጭ የተንዠረገጉ ግራጫ ሥሮች አሉ፤ የሞቱ ስለሚመስሉ ልቁረጣቸው? ጥሩ አፈር ወዳለው ሰፊ መትከያ ባዛውረውስ ይድናል?»

ሥሮቹን አይቁረጡ። አፈሩንም ይተዉት። ውሃውን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።

ቅጠል ሲጨማደድ ተክሉ ውሃ አጥሮታል ማለት ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነዎት። ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተክሉ ውሃ አጠረው ማለት ውሃ አልተሰጠውም ማለት አይደለም። ሥሩ ከበሰበሰ የፈለገውን ያህል ቢያጠጡት ውሃውን ወደ ቅጠል የሚያደርስ የለም። ስለዚህ የጠማው ኦርኪድና በውሃ ብዛት የታፈነው ኦርኪድ ከላይ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። ቅጠል አይቶ መለየት አይቻልም፤ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። በየሁለት ቀኑ እየጠጣ የሚጠወልግ ተክል ግን ችግሩ ጥማት ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ሥሩ ታፍኖ በስብሷል። ቅጠሉ በተሸበሸበ ቁጥር እርስዎ ውሃ ጨመሩ፤ ውሃ በጨመሩ ቁጥር የተረፈው ሥር ሞተ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ተክሉ የመጣበትን ቦታ ማወቅ ይበቃል። ፋላኖፕሲስ በፊሊፒንስ፣ በኢንዶኔዥያና በዙሪያቸው ባሉ ሞቃትና እርጥብ ደኖች ውስጥ የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው። ከዛፉ ምግብ አይወስድም፤ ማረፊያ ብቻ ነው የሚያደርገው። ሥሮቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ዝናብ ሲዘንብ ይርሳሉ፣ ሲያባራ በነፋሱ ይደርቃሉ። ሥሩን ዙሪያውን የሚሸፍነው ቬላመን የሚባል የሞቱ ሴሎች ንብርብር አለ። ይህ ንብርብር እንደ ስፖንጅ ውሃውን ባንዴ ይመጥና ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ሲደርቅ አየር ስለሚሞላው ግራጫ ይመስላል። ሲርስ በውስጡ ያለው አረንጓዴ ይታያል። አዎ፣ የዚህ ተክል ሥር እንደ ቅጠሉ ሁሉ ብርሃን ተጠቅሞ ምግብ ይሠራል።

እንግዲህ እነዚያ የሞቱ የመሰሉዎት ግራጫ ሥሮች ምናልባት አሁን ተክሉን በሕይወት ያቆዩት እነሱ ብቻ ናቸው። መርጫ ይዘው ውሃ ይርጩባቸው። ደቂቃ ሳይሞላ አረንጓዴ ከሆኑ ጤነኛ ናቸው። አፈር ውስጥ ቢቀብሯቸው ግን አየር አጥተው ይሞታሉ። ጥሩ አፈር የሚባለው፣ ማለትም ውሃ የሚይዝና ጥቅጥቅ ያለው፣ ለፋላኖፕሲስ ከሁሉም የከፋው ነው። ሰፊ መትከያም ያው ነው። ጥቂት ሥር ባለበት ሰፊ ቦታ ውስጥ መሃሉ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል።

ሙቀቱ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። 34 ዲግሪ ለዚህ ተክል ከሚመቸው በላይ ነው። ደስ የሚለው ቀን ከ24 እስከ 30፣ ሌሊት ከ18 እስከ 23 ባለው ውስጥ ሲሆን ነው። ሙቀት መበስበስን ያፋጥናል፤ ፈንገስና ባክቴሪያ እርጥብና ሞቃት ቦታ ይወዳሉ። በአፈር ፋንታ ተክሉ የቆመበት የዛፍ ቅርፊትም በሙቀት ቶሎ ይፈራርሳል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ቅርፊት ሞቃት አካባቢ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ ላይቆይ ይችላል። ከፈራረሰ በኋላ ደግሞ እንደ ጭቃ ነው የሚሆነው።

ሌሊቱ ከቀኑ ይበልጥ ያሳስበኛል። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ቀዳዳ ቀን ይከፍታሉ። ፋላኖፕሲስ ውሃ ለመቆጠብ ቀን ዘግቶ ማታ ነው የሚከፍተው። ለምግብ ሥራ የሚያስፈልገውን አየር የሚስበው ሌሊት ነው። ሌሊቱ ሲሞቅ ያጠራቀመውን ስኳር በራሱ አተነፋፈስ ይጨርሳል። ጤነኛ ተክል ይህን ይቋቋማል፤ ሥር የሌለው ግን ከየት አምጥቶ? ስለዚህ ቀኑን ማቀዝቀዝ ባይችሉ እንኳ ሌሊቱን ይታገሉለት። ሲመሽ ከቤቱ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ያሳድሩት፤ ወይ መስኮት ከፍተው ነፋስ እንዲያገኝ ያድርጉ።

አሁን ወደ ሥራው። ጋዜጣ ያንጥፉና ተክሉን ከመትከያው ያውጡት። ካልወጣ አይጎትቱት፤ ፕላስቲክ ከሆነ በመቀስ ይሰንጥቁት። የያዘውን ቅርፊት በጣትዎ እያላቀቁ ይጣሉ። በስጦታ የሚመጡ ኦርኪዶች ላይ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከግንዱ ሥር፣ ልክ መሃል ላይ፣ ጠቅጠቅ ብሎ የታሰረ ስፋግነም ሞስ የሚባል፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ የደረቀ ተክል አለ። ተክሉ ትንሽ ሳለ ያደገበት ነው። ላዩ ደርቆ ሲያዩት መሃሉ ጨምቀው ውሃ የሚወጣው ነው። ብዙ ኦርኪድ የሚበሰብሰው ከዚህ ተነስቶ ነው። ያለ ርኅራኄ ያውጡት።

ከዚያ ሥሩን ለብ ባለ ውሃ አጥበው አንድ በአንድ በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉ። ጠንካራ ከሆነ፣ ቀለሙ ነጭም ይሁን አረንጓዴ ወይም ቢጫማ፣ ሕያው ነው። ብርሃን ሳያይ የኖረ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ሊመስል ይችላልና ቀለም አያታልልዎት። ሲጫኑት ልፍስፍስ ብሎ ቡናማ ውሃ ካወጣ፣ ወይም ልጣጩ እጅዎ ላይ ቀርቶ መሃሉ ቀጭን ክር ብቻ ከሆነ፣ ሞቷል። የሞተውን ጠንካራው እስኪደርሱ ድረስ ይቁረጡ። መቀሱን አስቀድመው በአልኮል ይጥረጉ ወይም በእሳት ያግሉት፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ግን አይሞክሩት። አልኮል ያልደረቀበት መቀስ እሳት ሲነካ እጅ ያቃጥላል። ሌላ ኦርኪድ ካለዎት ወደሱ ከመሄድዎ በፊት መቀሱን እንደገና ያጽዱ። የኦርኪድ ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በመቁረጫ ነው፤ መድኃኒትም የለውም።

የአበባውን ዘንግ ከሥሩ አካባቢ ይቁረጡት። አረንጓዴም ቢሆን ይቁረጡት። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንጓ በላይ ቢቆረጥ እንደገና ያብባል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ለጤነኛ ተክል ነው። ይኸኛው አሁን አበባ ማውጣት የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ። ዘንጉ ላይ ትንሽ ቅጠልና ሥር ያለው ቡቃያ ካወጣ ተክሉ ልጅ እያሳደገ ነው። እናቲቱ የመዳን ተስፋዋ የመነመነ ከሆነ ዘንጉን ይተዉት። የልጁ ሥሮች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝሙ ለብቻው ይተከላል።

ቁስሉ ላይ ምን ላድርግበት የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ቀረፋ የሚነሰንሱ አሉ። ቀረፋ ፈንገስን ይከላከላል፤ ነገር ግን ያደርቃልም። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቻ ቆንጠር አድርጎ ማድረግ ይቻላል። ጤነኛውን ሥር ዱቄት በዱቄት ማድረግ ግን የተረፈውን መግደል ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማፍሰስን በፍጹም አልመክርም። ሲፈላ የሚያጸዳ ይመስላል፤ ሕያው ሥርንም አብሮ ያቃጥላል። ከሁሉም የሚሻለው ቀላሉ ነው። ተክሉን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ ወረቀት ላይ አጋድመው ቁስሉ እስኪደርቅ ለአንድ ቀን ይተዉት። ምንም አይሆንም፤ አይፍሩ።

ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በተረፈው ሥር ነው።

ሦስት ወይም አራት ጠንካራ ሥር ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ሥሩን ብቻ የሚይዝ ጠበብ ያለ መትከያ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃዋል። ግልጽ ፕላስቲክ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የሥሩን ቀለም ከውጭ ያዩበታል። ከታች ብቻ ሳይሆን ከጎንም ቀዳዳ ይብሱለት። የሸክላ መትከያ በሙቀት ቀዝቀዝ ይላል፤ መጥፎ አይደለም። ሆኖም ቶሎ ስለሚደርቅ ለተጎዳ ሥር ከባድ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው ሥሩን ይቀቅላል፤ አይጠቀሙ። መሙያው ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጥድ ቅርፊት ይሁን፤ ጥቂት የከሰል ስብርባሪ ይቀላቀልበት። ቅርፊቱን አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያጥልሉት። ደረቅ ቅርፊት መጀመሪያ ላይ ውሃ አይቀበልም፤ ላዩን እያንሸራተተ ይጥለዋል። ሲተክሉ ግንዱን አይቅበሩት፤ የታችኛው ቅጠል ከቅርፊቱ በላይ መሆን አለበት። ተክሉ እንዳይወዛወዝ በቀጭን እንጨት ያስደግፉት። የሚነቃነቅ ተክል የሚያወጣው አዲስ ሥር ጫፉ እየተላጠ ይሞታል። አየር ላይ ያሉትን ሥሮች ታጥፈው እንዲገቡ አያስገድዷቸው፤ ይሰበራሉ። ውጭ ይቆዩ።

አንድ ወይም ሁለት አጭር ሥር ብቻ ከሆነ የቀረው፣ በዚያው ቅርፊት ላይ ግንዱን ከበብ አድርገው ጥቂት እርጥብ ስፋግነም ሞስ ያኑሩ። እጅ ላይ ጨምቀው ውሃ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። መጠቅጠቅ የለም።

ምንም ሥር ካልቀረ ደግሞ ብዙ ሰው የሚመክረው ተክሉን ከእርጥብ ሞስ ጋር ግልጽ ፌስታል ውስጥ መዝጋት ነው። ዘዴው ይሠራል። ቅጠሉ ውሃ እንዳያጣ እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ አዲስ ሥር ሊያወጣ ይችላል። ሆኖም ይህ ምክር የተለመደው ቀዝቃዛ አገሮች ውስጥ ነው። በ34 ዲግሪ የተዘጋ ፌስታል ምድጃ ነው። ይህን መንገድ ከመረጡ ፌስታሉ አፉ ሙሉ በሙሉ አይዘጋ፣ ፀሐይ ፈጽሞ አይንካው፣ ቅጠሉ ሞሱን አይንካ፣ በየቀኑ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ተከፍቶ ይናፈስ። ሻጋታ ካዩ ያውጡት። እርስዎ ጋ አየር ላይ ያሉ ሥሮች ስላሉ እዚህ ደረጃ ይደርሳሉ ብዬ አላስብም።

አንድ ሁኔታ አለ፣ ይኼ ሁሉ ልፋት የማያዋጣበት። ፋላኖፕሲስ የሚያድገው ከአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ቅጠሎቹ ከሚገናኙበት ከመሃሉ እምብርት። የላይኛውን ትንሽ ቅጠል ቀስ ብለው ሳብ ያድርጉት። መነሻው ቡናማ ሆኖ እጅዎ ላይ ከቀረ እምብርቱ በስብሷል። እንዲህ የሆነ ተክል አልፎ አልፎ ከግንዱ ጎን ቡቃያ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያልቃል። እምብርት የሚበሰብሰው ውሃ ስለሚጠራቀምበት ነው። ሲያጠጡ ውሃ ከገባበት በሶፍት ጫፍ ይምጠጡት።

ከተተከለ በኋላ አራት ወይም አምስት ቀን ውሃ አይስጡት። ቅጠሉን ጠዋት ጠዋት በስሱ መርጨት ይቻላል፤ እስከ ምሽት ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን አንዴ ላጠጣ ብለው ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የቀን መቁጠሪያ ነው ተክልዎን እዚህ ያደረሰው። መትከያውን አንስተው ክብደቱን ይገምቱ፤ ሥሩን በግልጹ ፕላስቲክ ይመልከቱ። ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም የመትከያው ግድግዳ ከውስጥ ካላበ፣ ይቆዩ። ሥሩ ግራጫ ሆኖ መትከያው ከቀለለ ያጠጡ። ሲያጠጡ ደግሞ አይሰስቱ፤ ከላይ በደንብ አፍስሰው ከታች ይውጣ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ይንጠፍ። በሞቃት አካባቢ ይህ ምናልባት በየሦስት ወይም በየአምስት ቀኑ ይሆናል፤ ዝናብ በበዛበት ሳምንት ግን ሊርቅ ይችላል። ጊዜው ጠዋት ይሁን። ማታ የራሰ ተክል ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲያድሩበት ለበሽታ ይጋለጣል። የዝናብ ውሃ ካገኙ ከሁሉም እሱ ይሻላል። በጨው በሚሠራ የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ውስጥ ያለፈ ውሃ ግን አይስጡት፤ ሶዲየሙ ሥሩን ይጎዳዋል። ቀዳዳ የሌለው ጌጠኛ ማስቀመጫ ውስጥ ከነበረ፣ ችግሩ የጀመረው እዚያ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ተጠራቅሞ የሚቆይ ውሃ አይታይም።

ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን አይፈልግም። የማለዳ ለስላሳ ፀሐይ ለአጭር ጊዜ ቢያገኘው ችግር የለውም። ከረፋዱ በኋላ ያለው ግን ቅጠሉን ያቃጥላል። ቀላል መለኪያ አለ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን በእጅዎ ይንኩት። ከአካባቢው አየር ይበልጥ ከሞቀዎት ወደ ጥላ ያርቁት ወይም ነፋሱን ይጨምሩለት። ቅጠሉ በጣም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል። ወደ ቢጫ ወይም ቀላ ወዳለ ቀለም ካዘነበለ በዝቶበታል። ማራገቢያ ካለዎት በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ተክሉ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ግድግዳ አዙረው ያብሩት። ብዙ ሰው እርጥበት ላይ ያተኩርና ነፋስን ይረሳል። ነፋስ የሌለው እርጥበት ለዚህ ተክል ከድርቀት ይብሳል። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ሌሊት ጥሩ ነው፤ የሚተፋው ደረቅ አየር ግን ተክሉን ፊት ለፊት እንዳያገኘው።

ማዳበሪያውን ያቁሙ። ማዳበሪያ መድኃኒት አይደለም። ሥር ለሌለው ተክል ሲሰጥ ጨው ሆኖ ቅርፊቱ ላይ ይከማችና ከተረፈው ሥር ውሃ ይስባል። የመትከያው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት የመሰለ ነገር ካዩ እሱ ነው። አዲስ ሥር 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ እሽጉ ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን ብቻ በውሃ በጥብጠው በየሁለት ሳምንቱ ይስጡ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥለቅልቀው ያጥቡት።

ቅጠል ላይ ውሃ ያዘለ የሚመስል፣ ሲነኩት የሚፈርስ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ነጠብጣብ ካዩ ግን አይዘግዩ። የባክቴሪያ መበስበስ ነው፤ በሙቀት ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ተክሉን ሙሉ በሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ከታመመው ክፍል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ገብተው ይቁረጡ። መቀሱን በእያንዳንዱ ቆረጣ መሃል ያጽዱ። ቅጠሉን ማርጠብ ያቁሙ፤ ከሌሎች ተክሎችም ያርቁት። ከቅጠሉ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር፣ ወይም በደረቅ ሙቀት ጊዜ ቅጠሉን የሚያነጥብ ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ካገኙ ግን ያን ያህል አያስደነግጥም። ጥጥ የመሰለውን 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ ያንሱት። ሸረሪቱን ቅጠሉን ከላይም ከታችም በውሃ እያጠቡ ይቀንሱት፤ በሳምንት ውስጥ ይድገሙት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ይጠብቁ? የተጨማደዱት አሮጌ ቅጠሎች ወደ ድሮው ቅርጻቸው አይመለሱም። በእነሱ መዳኑን አይለኩ። ከታች ያሉት ሁለቱ ቢጫዎች ይወድቃሉ። ጎትተው አያውጧቸው፤ ተክሉ በውስጣቸው ያለውን እየመለሰ ነው። ምልክቱ የሚመጣው ከግንዱ ሥር ነው። ጫፉ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሥር በአራትና በስምንት ሳምንት መካከል ብቅ ካለ መትረፉን ይወቁ። አዲሱ ቅጠል ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመሃል መትከያውን እየነቀሉ አይዩት፤ እባክዎ።

አበባ ለአንድ ዓመት ይርሱት። ከዚያም በኋላ የእርስዎ ሌሊት አስቸጋሪ ነው። የተለመዱት የፋላኖፕሲስ ዝርያዎች የአበባ ዘንግ የሚያወጡት ለጥቂት ሳምንታት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች ሲወርድላቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ከ28 በላይ ከሆነ ቅጠል እያወጡ ይኖራሉ እንጂ አያብቡም። ተክሉ አራት ጤነኛ ቅጠል ካበጀ በኋላ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ያቆዩት፤ ብርሃኑ ግን እንዳይቀንስበት። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ሁለተኛ ኦርኪድ ሲያስቡ ቫንዳን ወይም ሙቀት ወዳድ የሆኑትን የዴንድሮቢየም ዝርያዎች ይምረጡ። ሲምቢዲየም የሚባለውን ግን የቱንም ያህል ቢያምርዎት ይለፉት፤ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ብርድ ካላገኙ አያብቡም።

ነገ ጠዋት ይንቀሉት። ሳምንት ቢጠብቁ አሁን ያሉት ጥቂት ሥሮች ላይኖሩ ይችላሉ። ቅርፊት ካላገኙ የከሰል ስብርባሪ ብቻውን፣ ከሽምብራና ከለውዝ ፍሬ ተለቅ ያለው፣ እስኪያገኙ ድረስ ያቆየዋል። ዱቄቱን ብቻ አጥበው ያስወግዱ።